ካኪ ለባሹ የአልታዬ ልጅ

እማዬ፣ «ልጄ በሰው አገር ማን አለው?» እያልሽ ለማርያም ስትነግሪያት እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የአባባ ሳልስ? ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ምስጋና ለአምላክ፣ ደኅና ነኝ። ለጥያቄሽም መልስ አግኝቼልሻለሁና እህቴ ንግሥቴ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ከጤና ትምህርት ቤት እንደተመረቅሁ ለዘመቻ መካነ ሰላም ከመጣሁ ወዲህ፣ ሥራዬ በረኀብ የተጎዱ ሕፃናትን በመጠለያው መመዘንና ወተት ማጠጣት ነው። መሬት ላራሹ ከታወጀ ጀምሮ ገበሬው ቀና ብሎ ይሄዳል፤ እኔም አገሩን ሁሉ በአንድ ቀን ካላዳንኩ ብዬ እቅበዘበዛለሁ። ልጆቹ ግን ካኪ ልብሴን ሲያዩ ይበተናሉ።

ከሁሉም የባሰችው ባፈና የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ከወግዲ በኩል አዝላ ነው ያመጣቻት። እግሯ አብጧል፣ ፀጉሯ ሳስቷል። ጽዋውን ይዤ ስጠጋት ጥርሷን ትገጥማለች፤ በመከራ የጠጣችውንም እኔን ስታይ ትመልሰዋለች። እንዲህ ከሰነበተች እንደማትተርፍ ስለማውቅ ጨነቀኝ።

በመጨረሻ እናቷ ወይዘሮ አልታዬ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ ምን አጠፋህ! መንገድ ላይ ስታለቅስብኝ፣ ‹ዝም በይ፣ ካኪ ለባሹ እንደ ሙክት መዝኖ ይሸጥሻል› ያልኳት እኔ ነኝ። እኔው አስፈራኋት፣ እኔው አላምዳታለሁ» አለች።

እዚህ ባዕድ ሰው ልጅ የሚሆነው ማር የተነከረ አውራ ጣት ሲጠባ ነው፤ የጡት ልጅ ይሉታል። ማር ከየት ይምጣ! አልታዬ አውራ ጣቷን ከባፈና ወተት ነከረችና ወደ አፌ ዘረጋችው። እማዬ፣ «ከማታውቀው ሰው እጅ አትቅመስ» ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ፤ ጢም አብቅዬም ወደ ኋላ አልኩ። ገባትና፣ «አብሽር፣ እኔም እናት ነኝ» አለችኝ። ጠባሁ።

ወተት የምታፈላው ድንቅነሽ፣ «ኧረ ጢም ያለው ሕፃን ወለድሽ!» ብላ ስትስቅ፣ አልታዬ «ምጡ ያልከበደኝ እሱ ብቻ ነው!» አለቻት። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ፣ «አየሽው? ወንድምሽ ነው። ወንድም እህቱን አይሸጥም» አለቻት። ባፈና እኔን አየች፣ የእናቷን ጣት አየች፣ «ወተቴን ጠጣብኝ!» ብላ ጽዋውን ከእጄ ነጠቀችኝ። እስከ ጠብታው ጨረሰችው፤ አልመለሰችውም።

እንዴት ያለች ሴት ናት! በቃሏ የፈጠረችውን ጅብ በቃሏ አባረረችው፤ ያውም ጥፋቴ ነው ብላ በሰው ፊት። አሁን የባፈና እግር እብጠቱ ጎድሏል። አዲስ የመጡትን ልጆች፣ «ኑ፣ የኔ ወንድም ነው፣ አይሸጥም» እያለች ራሷ ትጠራልኛለች።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ንግሥቴን በሁለቱም ጉንጯ፤ ለታናሽ ወንድሜ ለቢተው ደግሞ ጥጃዋን በረኀብ እንዳይጎዳት ንገሪልኝ። እትዬ አበቡንም ከነልጆቿ።

ትናንት ባፈና፣ «ሌላዋ እናትህ ትቆጣለች?» ብላ ጠየቀችኝ። «እጽፍላትና ራሷ ትመልስልሻለች» አልኳት። አደራ እማዬ፣ አንድ ቃል ላኪላት።

ልጅሽ ክንፈ
መካነ ሰላም፣ መጋቢት 28 ቀን 1967 ዓ.ም.