ወደ ሃርላን ምንጭ

ታንድሪ፣ ኔቫዳ
ሐሙስ፣ ኦክቶበር 14

ለምወድህ ልጄ ለዴል፣

አላስካ በረዶ መጣል እንደ ጀመረ በሬዲዮ ሰምቼ ስለ እጆችህ አሰብኩ። መረብ ስትጎትት ጓንትህን አታውልቅ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ላይ ይይዘኛል እንጂ ሜዳ ላይ ያስኬደኛል። ይህን የምነግርህ ቅዳሜ በበረሃው ወደ ሃርላን ምንጭ በእግር ስለምሄድ ነው። አትቆጣ፤ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ኦገስት ላይ አንድ ልጅ እዚያ መንገድ ላይ መሞቱን በስልክ ነግሬህ ነበር። ረስል ይባላል፤ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ያልነገርኩህ ግን አለ። በነጻ በማገለግልበት፣ መንገደኞች ስለ በረሃው በሚጠይቁበት የመሬት ቢሮ ያን ቀን ጠረጴዛው ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ። ካርታውን ዘርግቶ፣ «ምንጩ ውሃ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አለው እንጂ! ጥርስ የሚያደነዝዝ ቀዝቃዛ ውሃ ነው» አልኩት።

አንተና እኔ የሄድን ጊዜ ጠርሙሳችንን ሞልተን አልነበር? ስምንት ዓመት እንዳለፈው ትዝ አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ከቢሯችን ሄዶ ያየው የለም። ልጁን ያገኙት እዚያው ከደረቀው ምንጭ አጠገብ ነው። መሬቱን በጣቶቹ ቆፍሮት ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት እናቱ ከኦሃዮ ወደ ቢሮው መጣች። ኮራሊ ትባላለች። ልጇ የወደቀበትን ቦታ ማየት ፈልጋለች።

«ልጄን እዚህ ያነጋገረው ማን ነበር?» አለችኝ።

«አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራውን ትተው ሄደዋል።» እንዴት ከአፌ እንደ ወጣ አላውቅም።

«ይሁን። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያገኙልኛል?»

«እኔ አውቀዋለሁ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ቤቴ እየመጣች ስናቅድ ሰነበትን። ለደርሶ መልሱ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሁለት ቀን መደብን። ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር ውሃ አልን፤ ግማሹን እኔ ቀድሜ መሃል መንገድ ላይ በጀሪካን እንድቀብረው ተስማማን። እዚያ ስልክ ስለማይሠራ፣ እሁድ እስኪመሽ ካልተመለስን ጎረቤቴ ሄስተር ለሸሪፉ ትደውላለች። ኮራሊ አዲሱ ጫማ እግሯን እንዳይልጣት ወጥ ቤቴ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትልበት ነበር። አንድ ቀን ሳቅ ብላ፣ «ረስል ቢያየኝ፣ ‹እማ፣ አንቺ እኮ ዳቦ ቤት እንኳ በመኪና ነው የምትሄጂው› ይለኝ ነበር» አለች። አብሬያት ሳቅሁ።

ባለፈው እሁድ ውሃውን ልቀብር ሄድኩ። መንገዱ መነሻ ላይ መንገደኛ ሁሉ ስሙን የሚጽፍበት ደብተር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ታውቃለህ። የሸሪፉ ሰዎች ስምና ቀን ብቻ አይተው ያለፉት ይመስለኛል። እኔ ግን የረስልን ጽሑፍ ሙሉውን አነበብኩት። «ሁለት ሊትር ብቻ ይዣለሁ። ቢሮ ያሉት ነጭ ጸጉር ያላቸው ሴትዮ ምንጩ ውሃ አለው ብለውኛል። ደስ የሚሉ ሰው ናቸው።»

ወረቀቱን ከደብተሩ ገነጠልኩት፣ ዴል። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ልደብቀው ነበር ያሰብኩት፤ ማታ ግን አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት።

በማግስቱ ኮራሊ ስትመጣ ወረቀቱን ፊቷ አኖርኩት።

«ሽማግሌ ያልኩት ውሸት ነው። እኔ ነኝ።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። በጣቷ ፊደሎቹን ዳሰሰች እንጂ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚህ ቁጭ ብዬ ሾርባሽን እጠጣለሁ» አለች።

ወረቀቱን ይዛ፣ አዲሱን ጫማ በእጇ አንጠልጥላ ወጣች። ሁለት ቀን ድምፅዋ ጠፋ። አገሯ የተመለሰች መስሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጎህ ሲቀድ» አለችኝ።

«እሺ። ኮራሊ፣ እኔ…»

«አትናገሪ። ይቅር ብዬሽ አይደለም። ቦታውን የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ ነው። ከፊት ከፊት ትሄጃለሽ፣ እኔ እከተላለሁ። መንገድ ላይ አንዲት ቃል እንዳታናግሪኝ።»

ስለዚህ እሄዳለሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ተመልሼ እሆናለሁ። መንገዱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ምንጩ ጋ ስንደርስ ያለ ቃል እጄን ዘርግቼ ልጇ የወደቀበትን ቦታ ማሳየቴ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ሥራህን ጥለህ እንድትመጣ አይደለም። መርከባችሁ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ እንደማትመለስ አውቃለሁ። ክፍልህን ግን አጽድቼ አንሶላውን ቀይሬልሃለሁ።

ባሕሩ ይራራልህ ልጄ። ለማታውቀውም ነገር «አላውቅም» የሚል አንደበት እግዜር ይስጥህ።

እናትህ
ቬርና