የየካቲት 9 ባዶ ገጽ

ሐምሌ 3
ሁለት የጎብኚ ቡድን ወደ ደሴታችን የመርከብ መብራት ማማ አወጣሁ። መቶ አሥራ ስምንት ደረጃ... ጉልበቴ እያንዳንዱን በስም ያውቀዋል። ላይ ስንደርስ እንደ ወትሮው የ1957ቱን የጥበቃ መዝገብ ከፈትኩ። የየካቲት 9 ገጽ ባዶ ነው። «ጠባቂው ሺመ ያን ሌሊት ከወይን ጋር ቀጠሮ ነበረው» አልኩ። ጀርመን ጎብኚዎቹ ሳቁ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህችው ላይ ይሳቃል። ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ሌላ ምን ይፈልጋል?

ሐምሌ 4
ዛሬም ያንኑ ቀልድ ስናገር አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት አልሳቀችም። ሌሎቹ ሲወርዱ ቀረች።
«ስለ ወይኑ ማን ነገርዎት?»
«ገጹ ባዶ ነው፣ እመቤት።»
«ፍራኒካ እባላለሁ። ሺመ አባቴ ነው። ያን ሌሊት የሳንባ ምች ይዞት ተኝቶ ነበር። መብራቱን የሚያዞረው ማሽን ተሰብሮ እናቴ ፔሪና መብራቱን እስኪነጋ በእጇ አዞረችው። ሳይዞር ቢበራ መርከበኞቹ የሌላ ደሴት መብራት ይመስላቸው ነበር። እንዳትተኛ እዘፍንላት ነበር፤ ሰባት ዓመቴ ነበር።»
«ታዲያ ለምን አልጻፈችም?»
«ከጠባቂው በቀር መዝገቡ ላይ መጻፍ ክልክል ነበር። አባቴ ደግሞ ያላየውን አይጽፍም። እርስዎ ግን ያወራሉ።»

ሐምሌ 5
አሞኛል ብዬ ቀረሁ። የመዝገቡን ቅጂ አወጣሁ። የካቲት 8፦ የሺመ የእጅ ጽሑፍ ተንቀጥቅጧል። የካቲት 12፦ «ዛሬ ከአልጋ ተነሣሁ።»
ሁለቱንም ድሮ አንብቤአቸዋለሁ... እንኳን ለታሪክ መምህር፣ ለተማሪዎቼም መታመሙ ይገባቸው ነበር። ሳቁ ስለጣፈጠኝ ዘለልኳቸው።

ሐምሌ 6
ፍራኒካ ወዳረፈችበት የዘመዷ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጣ ሰርዲን ታጸዳለች።
«ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»
«እኔማ እውነቱን አውቃለሁ። የሳቁት ሰዎች ዘንድ ሂድ።»
ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወርጃለሁ። ይገባኛል።
«አገራቸው ገቡ እኮ።»
«እንግዲያው የሚመጡት አሉልህ» አለች፣ ከዓሣው ቀና ሳትል።

ሐምሌ 9
ለአዲስ ቡድን ገጹን ከፈትኩ። ስለ ፔሪና ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ከኋላ አንድ ከዛግሬብ ከተማ የመጣ ሰው፣ «ወንድሜ አምና መጥቶ ነበር፤ ጠባቂው ሰክሮ ነው ብለውታል» አለ።
«ማን አለው?» አልኩት።
«አስጎብኚው።»
ሌላ አስጎብኚ እንደነበረ ማስመሰል ይቻል ነበር... ቃሉ እንኳ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሳላውቅ አይደለም። ለማሳቅ ነው።»
አብራው የመጣችው ሚስቱ ክንዱን ጎተት አደረገችው፤ ራቅ ብለው ቆሙ።
ነገ ሦስት ቡድን አለኝ። ያን ቀልድ ያወራሁት እኔ መሆኔን ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።