በባለቤቴ አልጋ አጠገብ ስላለው የማያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ

ለተከበሩ የደንበኞች አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት፣ ቢሮዎም በተስማሚ ቅዝቃዜ ላይ እንደሚገኙ ያለኝን ተስፋ በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የደፈርኩት በግል የላክሁልዎትን ለማንበብ ጊዜ እንዳላገኙ ስለገባኝ ነው፤ አገር ካነበበው ምናልባት አንዱ ወዳጅዎ ሻይ እየጠጣችሁ ያነሳልዎት ይሆናል።

በስልክ መዝገብዎ ላይ «ቅሬታ አቅራቢ» ተብዬ ስለምታወቅ በሌላው በኩል ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። እኔ ዓይኔ እስኪደክም ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ዕድሜውን በወይን ጠጅ ፋብሪካ ምድር ቤት የጨረሰ ቀማሽ ነው። እሱ ቀምሶ «ደርሷል» ካላለ በርሜሉ ስለማይከፈት ባልደረቦቹ «ዳኛው» ይሉት ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኞቹ የመጨረሻውን ምርት ተከፋፈሉና እሱም ድርሻውን እንደ ሕፃን አቅፎ ይዞት ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑም ንግግሩም አብረው ሄዱ።

ሐኪሙ «የለመደውን ነገር ያሽትት፣ ምላሱን ያርጥብበት፣ አንዳንዴ ቃል በዚያ በኩል ይመጣል» አለን። እውነትም መጣ። እሁድ እሁድ በሻይ ማንኪያ ጠብታ ስሰጠው በምላሱ ያገላብጠውና ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል፤ ከዚያ አንድ ቃል ያወጣል። አንድ እሁድ «ዝናብ» አለ። ወይኑ በተለቀመበት ዓመት ዝናብ ያለ ጊዜው ወርዶ ስንቱን እንዳበላሸው ትዝ ብሎት ነው። ሌላ ጊዜ «አንቺ ልጅ» አለኝ። እንደዚያ ይለኝ የነበረው ከመጋባታችን በፊት ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ፣ እንዳይሰማኝ።

ጠርሙሶቹ ሙቀት እንዳይነካቸው ልጃችን የድርጅትዎን ማቀዝቀዣ ገዛችልን። ሻጩ እንዳስረዳት፣ እንደ ወጥ ቤት ፍሪጅ የሚያጓራ ሞተር የለውም፤ ውስጡ ያለችው ስስ ሰሌዳ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት በአንድ ፊቷ ትቀዘቅዛለች፣ በሌላው ትግላለች፣ ግለቱን ከኋላ ያለ ማራገቢያ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ድምፅ ስለሌለው ለሕመምተኛ ክፍል ይስማማል ተባለ። በዚህ በኩል ቃላችሁን ጠብቃችኋል። ሥራውን ሲያቆምም ድምፅ አላሰማም።

አንድ ጠዋት ጠርሙሱን ብነካው እንደ ሰው እጅ ሞቋል። መብራቱ በርቷል፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥርም ቅዝቃዜው እንዳለ ነው ይላል። እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ክቡርነትዎን እንዳላደክም፣ በተራ አስቀምጣለሁ።

1ኛ. ስልክ ስደውል ያነሱልኝ ትሑት ወጣት «ነቅለው መልሰው ይሰኩት» አሉኝ። ነቀልሁ፣ ሰካሁ። «ከግድግዳው ያርቁት» አሉኝ፤ አራቅሁ። «የበሩ ጎማ ወረቀት ይዞ ያስቀር እንደሆነ ይዩ፣ ከኋላ ያለውን አቧራ ይጥረጉ» አሉኝ፤ ወረቀቱ ተያዘ፣ አቧራውም ተጠረገ። ለትምህርቱ አመሰግናለሁ። ቤቴ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም።

2ኛ. ከዚያ በኋላ የተሰጠኝን ምክር እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። «ውስጡ ያለውን ሳያወጡ፣ በሩን ሳይከፍቱ፣ ባለሙያ እስኪመጣ እንደ በራ ይተዉት፤ ያለበለዚያ ምርመራው ይበላሻል» ተባልሁ። እኔ ደግሞ የታዘዝሁትን የምፈጽም ሴት ነኝ። ጠርሙሶቹን አውጥቼ ወጥ ቤት ላስገባ ብዬ እጄን በሩ ላይ አድርጌ ነበር፤ የመምሪያዎን ምርመራ እንዳላበላሽ መለስኩት። ባለሙያዎ እስኪመጡ የነበረውን ጊዜ አልቆጥርብዎትም፤ መቁጠር አቁሜ ነበር።

3ኛ. ባለሙያዎ መጡ። እጃቸውን በሩ ውስጥ አስገብተው አወጡ፣ ዞር ዞር ብለው ክፍሉን አዩ፣ ከአልጋው ግርጌ ያለውን ማሞቂያ አዩና «እማማ፣ ይሄ ዕቃ ከክፍሉ ሙቀት ብዙ ዝቅ ማለት አይችልም። ማሞቂያውን ያጥፉት» አሉኝ።

«ልጄ፣ ሕመምተኛ እኮ ነው፤ ይበርደዋል» አልኋቸው።

«እንግዲህ ወይ እሳቸው ይሙቁ፣ ወይ ወይኑ ይቀዝቅዝ» ብለው አስፈርመውኝ ሄዱ።

ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማ ነበር። አፉ እንጂ ጆሮው አልታመመም። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ምርጫ በአልጋው ራስጌ ስላቀረቡልን የመምሪያዎን ቅንነት አደንቃለሁ።

4ኛ. የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ማቀዝቀዣውን ቀዝቃዛው ኮሪደር ላይ አውጥቶ ሰካው፤ እዚያም አልቀዘቀዘም። ከኋላ ያለውን ክዳን ፈትቶ ቢያይ ማራገቢያው ደርቆ ቆሟል። መሄጃ ያጣው ግለት ወደ ውስጥ ተመልሶ ኖሯል። ማለትም በሩን ዘግቼ በታዛዥነት ስጠብቅ ጠርሙሶቹ እየተቀቀሉ ነበር። ይህንኑ ደውዬ ብናገር «ክዳኑን ያልተፈቀደለት ሰው ስለፈታው ዋስትናው ተሰርዟል» የሚል መልስ በፍጥነት ደረሰኝ። ከመምሪያዎ በፍጥነት ያገኘሁት መልስ ይህ ብቻ ስለሆነ በክብር ይዤዋለሁ።

5ኛ. ይህኛው ቅሬታ አይደለም፤ የሆነውን ለመንገር ያህል ነው። እሁድ ደረሰ። ጠርሙስ አነሳሁ፣ ቡሹ ወደ ላይ ተገፍቶ ወይኑ አንገቱ ላይ ፈስሷል። ምናልባት ብዬ ከፈትሁት። በማንኪያ ሰጠሁት። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ፣ አገላበጠው፣ ከዚያ ፎጣው ላይ ተፋውና፣ ከታመመ ወዲህ ሰምቼው በማላውቀው ጥርት ያለ ድምፅ «ሞቷል» አለ። በምድር ቤቱ የተበላሸ በርሜል ሲያገኙ የሚሉት ነው። ሌላ ጠርሙስ ከፈትሁ፣ ሌላም ከፈትሁ። ሁሉንም አሸተተ፤ ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ማንኪያ ሳቀርብለት ከንፈሩን ይገጥማል። ከገበያ የተገዛ ሌላ ወይን አመጣሁለት፤ አሽትቶ እንደማያውቀው እንግዳ አየው። ቃል የሚባል አልወጣውም። ሐኪሙ «ሕመሙ ራሱ እየገፋ ይሆናል፣ ከወይኑ ጋር አያያይዙት» ብሎኛል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የባለቤቴን ዝምታ በመምሪያዎ ላይ አላላክክም፤ እርስዎም ቢሆኑ ኃላፊነቱን ለሌላ ክፍል እንደሚያስተላልፉት አልጠራጠርም።

አዲስ ማቀዝቀዣ ስጡኝ አልልም። የሚቀዘቅዝ ነገር የለንም። ፋብሪካው የነበረበት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ያንን ወይን ከእንግዲህ የሚጠምቅ የለም፣ ቢጠመቅም ደርሷል የሚል ዳኛ የለም። ማሞቂያው እንደ በራ ነው፣ ባለቤቴ አልበረደውም። ባለሙያዎ ካቀረቡልን ከሁለቱ አንዱን እንደመረጥን በትሕትና ሪፖርት አደርጋለሁ።

ለሰጡኝ ትምህርት፣ ለወጣቱ ትሕትና፣ ለባለሙያዎ ግልጽነት፣ ለዋስትናው ስረዛ ቅልጥፍና ያለኝን ምስጋና እጅ ነስቼ አቀርባለሁ። መንበርዎ ይጽና፣ ስልክዎም እንደ ወትሮው አይረብሽዎ።

ከማይጠፋ አክብሮት ጋር፣
ታዛዥዎ፣ የዳኛው ሚስት

ማስታወሻ፦ አንዲት ትንሽ ነገር ላስቸግርዎ። ስልካችሁ ሁልጊዜ «ለአገልግሎት ጥራት ሲባል ንግግሩ ይቀረጻል» ይላል። ከደወልኩባቸው ቀናት በአንዱ፣ ተራዬ እስኪደርስ ሙዚቃችሁን ጆሮዬ ላይ ይዤ ስጠብቅ፣ ባለቤቴ ከአልጋው ሆኖ የሆነ ነገር ተናገረ። አንድ ቃል አልነበረም፣ ረዘም ይል ነበር። ሙዚቃው ከፍ ያለ ስለነበር አልሰማሁትም፤ በኋላ ብጠይቀው አልደገመውም። ቅጂው በእጅዎ ካለ፣ ምን እንዳለ አንድ ሰው አዳምጦ ቢነግረኝ። ለዚህም የሚጫን ቁጥር ካለ የትኛው እንደሆነ ያስታውቁኝ፤ እጠብቃለሁ፣ መጠበቅ አስተምራችሁኛል።