ሚኒስትሩ በቀኝ በኩል

ሰኞ፣ ሜይ 6

የአባዬን የጥላ ጨዋታ አሻንጉሊቶች ፀሐይ ላይ አወጣኋቸው። ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ቆዳቸው ሻጋታ ይዟል። አንድ በአንድ ጠርጌ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ደረደርኳቸው... ደጎቹ በቀኝ፣ ተንኮለኞቹ በግራ፣ ልክ ከመጋረጃው ፊት እንደሚቆሙት። ሚኒስትሩን መጨረሻ ላይ አወጣሁት፣ አባዬ ያደርግ እንደነበረው። ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ ሹል አፍንጫ። ንጉሡ ጆሮ ሥር ተለጥፎ መንግሥት የሚያፈርስ። አባዬ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም።

እማዬ በወጥ ቤቱ መስኮት፦ «ያንን ሰውዬ ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ፤ ሩዜን እያየብኝ ነው።»

አዞርኩት።

ሐሙስ፣ ሜይ 9

የመንደሩ ማጽጃ በዓል ስብሰባ። አዝመራ ከገባ በኋላ በየዓመቱ የጥላ ጨዋታ እናሳያለን፤ በጨዋታው ውስጥ ክፉው ተመትቶ ሲወጣ የዓመቱ አይጥ፣ በሽታና ጠብ አብሮት ከመንደር ይወጣል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ያጫወተው እሱ ነበር። ዘንድሮ የመንደሩ ጸሐፊ አቶ ሱገንግ፣ በእኛ አጠራር ፓክ ሱገንግ፣ ቦታውን ለወንድማቸው ልጅ ለጋሊህ ሰጡት። ጋሊህ ከስልኩ ነው የተማረው። አሻንጉሊት ሲያገላብጥ ያምርበታል፤ አፉን ሲከፍት ግን ንጉሡም ወታደሩም እንደ አውቶቡስ ረዳት ነው የሚያወሩት።

እኔስ? ሶሎ ከተማ ድረስ ሄጄ ይህንኑ ሙያ ተምሬ፣ አንደኛ ወጥቼ ተመረቅኩ። የሴት ድምፅ ቶሎ ይደክማል አሉ ፓክ ሱገንግ። ለእኔ አይደለም... ለወንዶቹ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

ከበሮ መቺው ሽማግሌ ምባህ ትሪሞ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። የበዓሉ አሻንጉሊቶች ከአሮጌው ሳጥን ብቻ ነው የሚወጡት አሉ። ሳጥኑ እኛ ቤት ነው። ፓክ ሱገንግ ሳቅ ብለው፣ እንዋሰዋለን አሉ።

«ሳጥኑ ያለ እኔ ከቤት አይወጣም» አልኩ። ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ እንዳለ።

ሰኞ፣ ሜይ 13

ተወሰነ። ማታ የጋሊህ ነው፤ መብራት፣ ድምፅ ማጉያ፣ ከከተማ የመጣች ዘፋኝ። ቀን የእኔ... ማጽጃው ራሱ፣ ሰው በሙቀቱ የሚያንቀላፋበት ሰዓት። ካማረልኝ የአባዬ ቦታ ይጸናልኛል። ካላማረ ቦታውም ሳጥኑም ለጋሊህ።

ማታ ፓክ ሱገንግ ራሳቸው እኛ ቤት መጡ። የእማዬን የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ እየበሉ ሚኒስትሩን አዩት፣ አዩት... መንደሩ ከኋላቸው «ሚኒስትሩ» ይላቸዋል። አፍንጫውን እኔ አልሰጠኋቸውም። የመንደሩ አለቃ ጆሮ ሥር መለጠፉንም እኔ አላስተማርኳቸውም።

«ልጄ፣ የመንግሥት ባለሥልጣን ሁሌ ተንኮለኛ ሆኖ መታየቱ ለወጣቱ ጥሩ አይደለም» አሉኝ። ሚኒስትሩ በቀኝ ይቁም። አይዋሽ። አያምታታ። መጨረሻ ላይም አይመታ።

«ታዲያ ምን ያድርግ?»

«ያገልግል።»

ዓርብ፣ ሜይ 17

ተናድጄ ለሚኒስትሩ ከካርቶን መነጽር ሠራሁለት። የፓክ ሱገንግን ዓይነት፣ ወፍራሙን። ምባህ ትሪሞ አይተው አልሳቁም። ሰው ይስቃል፣ እሱ ይቀየማል፣ ሳጥኑ ይሄዳል... ከዚያስ? አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከዚያስ?

ግን... ፓክ ሱገንግ ያዘዙኝን ብቻ ባደርግስ? ያዘዙኝን በሙሉ?

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

ቢሯቸው ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ፣ «እሺ ፓክ፣ እንዳዘዙኝ» አልኩ። ደስ አላቸው። መማርሽ ያስታውቃል አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21

ልምምድ። ምባህ ትሪሞ ከበሮውን እንኳ አላሞቁትም ነበር።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

ዞር ብለው ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ዓርብ፣ ሜይ 24

የበዓሉ ቀን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሚኒስትሩን በቀኝ፣ አሻንጉሊቶች በሚሰኩበት የሙዝ ግንድ ላይ ተከልኩት። ሹክሹክታ... ፓክ ሱገንግ ፊት ወንበር ላይ ፈገግ።

ንጉሡ ጠየቀ፦ በአገሬ ምን ችግር አለ? ሚኒስትሩ መለሰ፦ የለም፣ ግርማዊ ሆይ፤ የተነጠቀውን የዘመዶችዎን መሬት መልሼላቸዋለሁ። ጦርነት የሚፈልግስ? የለም። ጀግኖቹ ቀስታቸውን ይዘው ደረሱ። ማንን እንውጋ? ማንንም። ተቀመጡ። ቀልደኛው አሽከር ምሳ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። የመዝጊያውን ዛፍ፣ ጨዋታ ሲያልቅ የሚቆመውን የቆዳ ምስል፣ አንስቼ መሐል ላይ ተከልኩት። ተፈጸመ።

ሻይ ገና አልተቀዳም ነበር።

አንዲት አሮጊት፦ «ክፉውስ? ማን ሊወጣ ነው?» ሌላዋ ቀጠለች፦ «አይጡ እኛው ጋ ሊከርም ነዋ።» ሰው ሁሉ ወደ ማሳው አቅጣጫ ተመለከተ። ከወንዙ ዳር ያለው ሰፊው ማሳ የማን ነው? የፓክ ሱገንግ። የመንደሩ አለቃ ወደ ጸሐፊው ጆሮ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። ሹክሹክታ በዚያ አቅጣጫ ሲሄድ ዛሬ ገና አየሁ።

ፓክ ሱገንግ ተነሡ። ላብ በላብ።

«ወኒንግ... ወደ ግራ መልሺው።»

«ለምን፣ ፓክ?»

«ሥራውን ይሥራ።»

«የትኛውን? ያገልግል ብለውኝ ነበር።»

አዳራሹ ሁሉ እሳቸውን እየጠበቀ ነው። ድምፃቸው ቀጠነ።

«ይዋሽ። ይስረቅ። ደግሞ በደንብ ይመታ፣ ልጄ... እባክሽ።»

ዛፉን ነቀልኩት። ምባህ ትሪሞ ከበሮውን መቱ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አጫወትኩ፤ ድምፄ አልደከመም።

ሰኞ፣ ሜይ 27

ቦታው ጸናልኝ። ስብሰባው ላይ ሻዩን ጋሊህ ቀዳ።

አሻንጉሊቶቹን ሳናፍስ ጋሊህ መጣ። ከአጎቱ መልእክት ይዞ፦ ሚኒስትሩ በግራ ይቁም፣ ግድ የለም፤ ግን ለከርሞ አፍንጫው ትንሽ ቢሞረድ? አይሞረድም አልኩ። አልሄደም። ቆየና ንጉሥ እንዴት እንደሚናገር እንዳሳየው ጠየቀኝ። ነገ ና አልኩት።

ሲሄድ ሚኒስትሩን አንስቼ ጥላዬ አጠገብ ያዝኩት። ጎንበስ አልኩ። «እሺ ፓክ፣ እንዳዘዙኝ።» የሚኒስትሩን ድምፅ ከየት አመጣሁት? አባዬ እንኳ እንዲህ አስመስሎት አያውቅም...

እማዬ በመስኮቱ፦ «አሁን ደግሞ ሁለት ሆናችሁ? ሁለታችሁም ወደ ግድግዳ ዙሩ፤ ሩዙ ሊወጣ ነው።»