በዝናብ ወር የተቆረጠ ቀርከሃ

ጥር 14

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ሩዝ ቀቀልኩ፣ የአኩሪ አተር ቴምፔ ጠበስኩ፣ የእናቴን ቢላ ሞረድኩ። ከታይዋን፣ ከሰው ቤት ሥራ፣ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ።

ከሰዓት የሰፈር ልጆች በረንዳው ላይ ተጠለሉ። ጊቶ፣ ያ ጥርሰ ወላቃው፣ "አክስቴ ታርሚ፣ እናትሽ የቀርከሃ ጠመንጃ ትሠራ ነበር አሉ። አንቺስ ትችያለሽ ወይስ ሰሃን ማጠብ ብቻ ነው?" አለኝ። ሳቅኩ። እችላለሁ አልኩት። ወኒንግ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

"ላንቺም ልሥራልሽ?"

"ደስ ካለዎት፣ አክስቴ።"

አክስቴ... የወለድኳት ልጅ። ታላቅ እህቴን ሱማርኒን እማ ትላታለች፣ እኔን አክስቴ። ምን ታድርግ? ትቻት ስሄድ ሁለት ዓመቷ ነበር። አባቷ ካሊማንታን ደሴት ሄዶ ሌላ አግብቶ ቀረ። ያሳደገቻት እትዬ ናት።

ጥር 17

እትዬ ተቆጣች። "በዝናብ ወር ቀርከሃ ይቆረጣል? ውኃ ጠጥቶ፣ ጣፋጭ ሆኖ? ነቀዝ ነው የምትጠሪው። እናታችን ብታይሽ በዚያው ቀርከሃ ነበር የምትገርፍሽ።"

"ለመጫወቻ ነው እትዬ፣ ቤት አልሠራበት።"

"ለመጫወቻም ቢሆን ዝናቡ ሲያባራ ይቆረጣል፣ ጣፋጩ እንዲወጣ ሦስት ወር ወንዝ ውስጥ ይተኛል። ስድስት ዓመት የቻለ ሰው ሦስት ወር አቃተው?"

አቃተው። ቆረጥኩ።

ጥር 21

በረንዳው ስንጥር በስንጥር ሆኗል። ቀጭኑን ቀርከሃ ከአንጓ እስከ አንጓ ቆርጦ፣ በሁለቱም ጫፍ እርጥብ ወረቀት ወትፎ፣ በዘንግ መግፋት... ከዚያ ጧ። ጊቶ የመጀመሪያውን ጥይት የእትዬ ዶሮ ላይ ተኮሰ። ዶሮዋ እስከ ማታ አልተመለሰችም።

ለወኒንግ በመዳፍ አሽከርክረው ሲለቁት የሚበር ሽክርክሪት። ክንፉን ስንፍቅ እጇን በእጄ ይዤ ቢላውን አስኬድኩ። "ወደ ውጭ፣ ወደ ራስሽ አይደለም።" "እሺ አክስቴ።" እጇ እጄ ውስጥ ደረቅ አለ። ሲያልቅ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ። ጊቶ አመስግኖኝ አያውቅም፤ ቀምቶኝ ነው የሚሮጠው። እትዬ ምን ያህል እንደታደለች የገባኝ ዛሬ ነው። ወኒንግ ከእሷ እንደዚያ ቀምታ ስትሮጥ አይቻታለሁ።

ጥር 29

እውነቱን ልጻፈው፤ ይህን ደብተር የሚያነብ የለም። ሊያንግ ናፈቀኝ። ከስምንት ወሩ ጀምሮ ያዘልኩት የአሠሪዬ ልጅ። ልብስ ሳጥብ እጄ ትንሽዬ ካልሲ ይፈልጋል። ሾርባ ካላቀዘቀዝኩለት አይጠጣም ነበር። አሁን ማን ያቀዘቅዝለት ይሆን? ወኒንግ ሾርባ እንዴት እንደምትወድ ግን አላውቅም። እትዬን ጠየቅኳት።

"ከእሳት እንደወረደ ነው የምትጠጣው" አለችኝ። ደንግጣ አየችኝ፣ እንዴት አታውቂም በሚል ዓይነት።

የወለድኳት አጠገቤ ተቀምጣ የሌላ ሰው ልጅ እናፍቃለሁ። የምን እናት ነኝ?

የካቲት 12

ለእትዬ ነገርኳት። ሰማራንግ ከተማ የልብስ ስፌት ሥራ አግኝቻለሁ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ። ክፍልም አለኝ። ወኒንግን ይዣት እሄዳለሁ። ብቻችንን ስንሆን ትለምደኛለች።

ካሳቫ ትልጥ ነበር። "ልጅሽ ናት" አለች። መላጧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አላየችኝም።

ለወኒንግ የነገረቻትም እሷው ናት። ወኒንግ "እሺ" አለች አሉ። ለሁሉ ነገር እሺ...

መጋቢት 5

እትዬ ያለችው ደረሰ። ጊቶ መጥቶ፣ "አክስቴ፣ ጠመንጃዬ ጥይት ትቶ ዱቄት መትፋት ጀመረ" አለኝ። በጣቴ ጫን ባደርገው ተሰበረ። ነቀዝ ወንፊት አድርጎታል። የሁሉም እንደዚያው። "ውጭ አገር የተማርሽው ይህን ነው እንዴ?" እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ቆይታ ወኒንግ ብቻዋን መጣች። ሽክርክሪቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላዋለች፣ ከነዱቄቱ።

"ይቅርታ አክስቴ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። በደንብ አልያዝኩትም።"

"አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ፣ በማይቆረጥበት ጊዜ ቆርጬ።"

"እሺ። ይቅርታ" አለች ደግማ።

ሰው ቤት ሄዶ ብርጭቆ የሰበረ እንግዳ ነው እንዲህ የሚለው። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 8

ዝናቡ አባራ። ቀኑን እትዬ መረጠች፣ እኔ ቆረጥኩ፣ ልጆቹ እየጎተቱ ወንዝ አወረዱት። ውኃው ውስጥ አስተኝተን ድንጋይ ጫንንበት። ጊቶ በጣቱ ቆጠረ። "የሚወጣው ሐምሌ ነው። አክስቴ ታርሚ ያኔ ሰማራንግ ናት። ታዲያ ማን ይሠራልናል?"



ግንቦት 2

ወኒንግ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ስድስቱን አላየሁም።

ሰኔ 19

መንገዱ ነገ ነበር። ከገበያ ስመለስ እትዬ የወኒንግን ልብስ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከታ ጨርሳለች። ወኒንግ ቁርአን ልትቀራ ሄዳለች።

"እኔ ጎህ ሳይቀድ ወደ ማሳው እወርዳለሁ" አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። "ስትነሳ እኔ ሳልኖር ይዘሻት ሂጂ። ካየችኝ ታለቅሳለች።"

የሊያንግ እናትም ልክ እንዲሁ ነበር ያለችኝ። ትምህርት ቤት ሳለ ውጪ፣ ካየሽ ያለቅሳል። ወጣሁ። ሲመለስ በየክፍሉ ፈልጎኝ ይሆን? አልጋ ሥር አይቶ ይሆን? ይህን ስንት ጊዜ አሰብኩት... አሁን ደግሞ እኔው ይህን በራሴ ልጅ ላደርገው? በእህቴ?

ሻንጣውን ከፍቼ ልብሱን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አልወስዳትም። እኔም አልሄድም።"

"አብደሻል? ሥራሽስ?"

"መጫወቻ ሠርቼ ገበያ አወጣለሁ። እናታችን በምን አሳደገችን?"

ሰደበችኝ፣ አለቀሰች፣ ደግማ ሰደበችኝ።

ሰኔ 20

ወኒንግ ሰማች። "እሺ አክስቴ" ብላ ልትጫወት ወጣች። ደስ አላት? ወይስ እኔ እንድሄድ ነበር የፈለገችው? ፊቷ ላይ ምንም የለም። ሥራውንም እሷንም ያጣሁ መሰለኝ።

ሐምሌ 9

ቀርከሃውን ከወንዝ አወጣን። ሽታው... ጊቶ አፍንጫውን ይዞ፣ "የሞተ ጎሽ አብሮ ወጥቷል" አለ። ጥላ ውስጥ አቆምነው። ሁለት ሳምንት ይደርቃል።

ሐምሌ 13

ከጓሮ ስመለስ ወኒንግ እርጥቡን ቀርከሃ ስትሰነጥቅ አገኘኋት። ብቻዋን፣ ቢላውን ወደ ራሷ አዙራ። ነጠቅኳት።

"ገና ነው። ጠብቂ አላልኩሽም?"

ቀርከሃውን እግሬ ሥር ወረወረችው።

"ሁልጊዜ ጠብቂ ነው የምትይኝ። በስልክም ጠብቂ። ለበዓል ጠብቂ፣ ለከርሞ ጠብቂ። ጠብቂ ሰልችቶኛል። አንቺም ሰልችተሽኛል።"

በሩን በላዬ ዘጋችው።

እትዬ ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች። "በቃ፣ ምሳም አትበላም አሁን። እኔን በሳምንት ሦስቴ ነው እንዲህ የምታደርገኝ። እንግዲህ ተካፈይ።" እየሳቀች ነበር፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ደስ አለኝ ብል ማን ያምነኛል? ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ አንጀቴን ቆርጦታል። ደስም ብሎኛል።

ሩዝና እንቁላል ይዤ በሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ይህን የምጽፈው እዚሁ ሆኜ ነው። ሩዙ ቀዝቅዟል።

"ሂጂ" ትለኛለች ከውስጥ።

አልሄድም።