ስምዎ ከልጄ ስም እንዲቀድም ስላደረጉት ተጋድሎ

ለክቡር ዶክተር ዓሪፍ
የፀሐይ ሥርዓት ምርምር ተቋም የኅትመት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ወልድያ

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ለሁለቱ ጥበቃዎችዎ ከነቆመጣቸው ጤናውን ያብዛላችሁ። እኔ በመርሳ እህል የምነግድ፣ ውርጌሳ አጠገብ ማሽላ የማርስ፣ በተቋምዎ የዶክትሬት ተማሪ የሆነችው የሀስና አባት ሲራጅ ነኝ።

ካቻምና ከሰማይ አንድ ድንጋይ ማሳዬ ላይ መውደቁን ያስታውሳሉ። ልጄ ሁለት ዓመት መርምራው ጥናቷን ለኅትመት ማዘጋጀት ያዘች። ጥናቱ እስከ ሰኔ ሠላሳ በውጭ መጽሔት ካልታተመ እንደማትመረቅ የነገሯትም እርስዎ ነዎት፤ ስለ አሳቢነትዎ እያመሰገንኩ፣ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ድንጋዩን በእጅዎ ነክተውት ሳያውቁ ስምዎ ከሀስና ስም በፊት እንዲሰፍር ማዘዝዎ ነው። በእኛ አገር ለደቦ የመጣ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶና መርቆ ይሄዳል፤ ማሳው ግን በስሙ አይዞርም። ከደቦው ቀርቶ ማሳውን የጠየቀ ሰው፣ ያለማወቄ ይሆናል፣ ከእርስዎ በፊት አላጋጠመኝም።

ሁለተኛ፣ ልጄ እንቢ ባለች ዕለት ጥበቃዎችዎ ቢሮዎ ውስጥ በቆመጥ ቀጥቅጠው የቀኝ ክንዷን ሁለት ቦታ ሰብረዋል። እርስዎ በሩን ይዘው ቆመው እንደነበርና የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አለሚቱ ጮኸው ባያስከፍቱዎት ኖሮ ጥበቃዎቹ ለጭንቅላቷም እንደማይመለሱ፣ ደሟን በገዛ እጃቸው የጠረጉት እሳቸው ነግረውኛል።

ሦስተኛ፣ አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት የኖረ፣ በእሳት ተጠብሶ ወርዶ ምድርን ሲመታ እንኳ ያልተፈረካከሰ ድንጋይ፣ እርስዎ ዘንድ አንድ ከሰዓት መክረም አልቻለም። በመዶሻ አደቀቃችሁት፤ ኮምፒውተሯንም ደገማችሁት። ማስረጃ ለማጥፋት ከሆነ እንዲህ የለፉት፣ እኔም ላቤን አፍስሼ የማድር ሰው ነኝና ድካምዎ ይገባኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ትሕትናዬ ግን እዚህ ላይ አለቀ። የልጄ አጥንት ከሥጋዋ ወጥቶ ያየሁ ዕለት ገጀራዬን በጋቢዬ ሸፍኜ ተቋምዎ በር ድረስ መጥቻለሁ። በሕይወት የመሰንበትዎ ምክንያት ሀስና ናት። ከሆስፒታል ደውላ፣ አባዬ፣ ጽሑፌን የሚጨርስልኝ ሰው ፈልግልኝ እንጂ ሰው አትግደልልኝ አለችኝ። በባጃጅ ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ኢሜይሏ ላይ የጽሑፉ ቅጂ ስለነበራት እህቷ አሲያ አልጋዋ ሥር ተቀምጣ፣ ሀስና እያቃሰተች እየነገረቻት፣ የቀረውን ጻፈችላት።

ሹመትዎ እንዲረዝም የሚመኙልዎ ቢያንሱ እንኳ፣ ስምዎን በየሶላቱ ለአላህ ሳያነሳ የማይውል አንድ አባት መርሳ ውስጥ መኖሩን በአክብሮት አረጋግጥልዎታለሁ።

ሲራጅ፣ የሀስና አባት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ጥናቱ በሰኔ ሃያ ሰባት ታትሟል። መጽሔቱ የተጠናው ድንጋይ ዛሬ የት እንደሚገኝ ካልተገለጸለት አያትምም ነበርና፣ ሀስና የሐኪም ወረቀትና የእትዬ አለሚቱን ምስክርነት አያይዛ እንዲህ ስትል ጽፋለች፦ «ድንጋዩ በዶክተር ዓሪፍ ትእዛዝ፣ በቢሮው ውስጥ፣ የጸሐፊዋ ክንድ በተሰበረበት ሰዓት በመዶሻ ደቋል።» ስምዎ ጥናቱ ላይ እንዲወጣ ብዙ ደክመዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።