በባይሳ ፋይል ውስጥ ያለው የጣት አሻራ

ሰበታ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ዕድሜዬ ሰባ አንድ።

ወንድሜ ባይሳ፣

የባቄላው ንፍሮ ድስቱ ውስጥ ነው፤ ጨው አልጨመርኩበትም።

ትናንት ከመዝገብ ቤት ተመልሼ «ፋይልህ አልተገኘም» ያልኩህ ሐሰት ነው። ተገኝቷል። ኒሻንህ ከአገልግሎት ማስረጃህ የቀረው በአንድ ምስክር ቃል ነው፤ «ባይሳ በውጊያው ዕለት ኮረብታው ላይ አልነበረም» ይላል።
ከሥሩ ያለው የጣት አሻራ የእኔ ነው።

በ1970 ዓ.ም. የጦር ክፍላችን ጸሐፊ «የስንቅ መረከቢያ ነው፤ ጣትህን አሳርፍ» አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ መሆኑን ታውቃለህ። ጸሐፊውም በዚያ ወረቀት ኒሻንህን ለአማቹ አሰጠ። ስቆስል በጀርባህ ተሸክመህ ካወረድከኝ ኮረብታ ላይ አልነበረም ብዬ መሰከርኩብህ።

ይህን ስነግረው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሳቀ። «አባባ ቢቂላ፣ የትኛውን እንመን? የያኔውን ጣትዎን ወይስ የዛሬውን ፊርማዎን?» አለኝ። ሳቁ አስጸየፈኝ። ከሳቁ ይልቅ ግን ይህችን አውራ ጣት ተጸየፍኳት፤ ራቴን በማንኪያ በላሁ።

ዛሬ ተጂ ከተማ ሄጄ በውጊያው አብሮን የነበረውን ሙሄዲንን ከሱቁ አመጣዋለሁ። ነገ ሦስታችንም መዝገብ ቤት እንሄዳለን። ከቤት ከወጣህ ቁልፉን ለጎረቤታችን ለጠጅቱ ስጥልኝ።

ሌላም የምልህ ነበረኝ፤ በወረቀት አይሆንም።

ነገ የምሰጠውን ቃል ጽፌ ከዚህ ሥር ትቼዋለሁ። ከኮረብታው እስከ ወንዙ ሦስት ጊዜ አሳረፍከኝ ብያለሁ። ራሴን እየሳትኩ ነበርና፣ ተሳስቼ ከሆነ በእርሳስ አርመው።

ቢቂላ